በምርቃት የተሰጠችው ትንሿ መጥበሻ

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ሐመልማልን ለማግኘት አድራሻ መጠየቅ አያስፈልግም። ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹን አልፈው፣ የምድጃ ሠሪዎቹ ጫጫታ ትንሽ ጋብ ሲልልዎት፣ አንዲት ሴት ደንበኛዋን ስትቆጣ ከሰሙ እሷ ናት። ሌላው ነጋዴ ገዢ ሲመጣለት "ግቡ፣ ምን ልታዘዝ?" ይላል። ሐመልማል "ምን ልትሠሪበት ነው?" ብላ ትጀምራለች፤ መልሱ ካልጣማት ዕቃዋን ወደ ኋላ ትስባለች። አንድ ቀን አንዲት ዘናጭ ሴትዮ መጥበሻ ገዝታ ሂሳብ ከከፈለች በኋላ "ግድግዳ ላይ ለጌጥ ልሰቅለው ነው" ብትላት፣ ብሩን መልሳ "ለጌጥ ከሆነ ሰዓት ግዢ" ብላ ሸኝታታለች።

እንዲህም ሆና ደንበኛ አይጎድልባትም። የምትሸጠው የጋራዥ ሰዎች ጊዛ የሚሉትን፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ከባድ ብረት ነው። ከተራው ጀርባ ያሉት አቅላጮች የተጣለ የመኪና ፍሬን ታምቡር እያቀለጡ መጥበሻና ድስት ያወጣሉ፤ እሷም ከእነሱ ትረከባለች። አሮጌ ዕቃ ይዞ የሚመጣም አለ። ዋጋው ለድሃ ኪስ የሚሆን ነው። ከዱባይ ተራ "አያጣብቅም" እየተባለ የሚመጣው የሚያብረቀርቅ መጥበሻ በስድስት ወሩ እንደ ድንች ይላጣል፤ ይኼኛው በደንብ ለያዘው ሰው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በደንብ ለያዘው ነው እንግዲህ ነገሩ። የሐመልማል ቁጣ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን ቁጣ ደግሞ ከሜዳ አላነሳችውም። ከምንጃር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ እንደመጣች ፒያሳ አካባቢ አንድ የሆቴል ማድቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆና ተቀጥራ ነበር። የወጥ ቤቱ አለቃ ጋሼ አስናቀው ከሰው ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት አንድ ጥቁር የብረት መጥበሻ ነበራቸው። ሐመልማል በመጀመሪያው ቀን፣ ጎበዝ ልባል ብላ፣ ያን መጥበሻ በሳሙናና በሽቦ እስኪነጣ ፈትጋ፣ ውሃ ሞልታ አሳደረችው። በማግስቱ ጋሼ አስናቀው ቀይ ዝገቱን ሲያዩ ያወረዱባትን ስድብ እስከ ዛሬ ቃል በቃል ታስታውሰዋለች። ከስድቡ በኋላ ግን እጇን ይዘው ብረት እንዴት እንደሚሟሽ አስተማሯት። ትምህርቱንና ስድቡን አንድ ላይ ስለተቀበለች፣ ስትሰጥም ሁለቱን አንድ ላይ ነው።

አንድ መጥበሻ እጇ ሲገባ በመጀመሪያ በጣቷ አንጓ ታንኳኳዋለች። ጤነኛ ብረት ቃጭል ይመስል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ አሮጌ ከሆነ ያመጣውን ሰው ትመረምረዋለች። የማን ነበር? የት ነበር? ምን ተሠራበት? ምን አለሽ ተራ የሚጣል ነገር የለም፤ ዛሬ ሽሮ የተሠራበት ድስት ነገ ቀለም ይበጠበጥበታል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ታጥቦ ለሽሮ ይሸጣል። ስለዚህ ሻጩ ከተንተባተበ አትገዛም። ከገዛች በከሰል ታቃጥለዋለች፣ ታጥበዋለች፣ እሳት ላይ ታደርቀዋለች፤ ከዚያ በቀጭኑ ዘይት ቀብታ እስኪጨስ ታግለዋለች። ይኼን ሦስት ጊዜ። ለችኩል ደንበኛ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ትለዋለች።

ጥያቄ የማትጠይቀው ጎረቤትን ብቻ ነው።

ጎረቤቷ ዛኪር የሞተ የመኪና ባትሪ እየፈታ፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጦ፣ ባትሪ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ሞርሴቶ ይሠራል። ጨዋ ሰው ነው፤ በሰላምታው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ባለፈው ሐመልማል የአክስቷ ለቅሶ ደርሶባት ምንጃር ሦስት ቀን ሰንብታ ስትመለስ፣ ከሸራው ሥር ካስቀመጠቻቸው ዕቃዎች መካከል ትንሿ የእንቁላል መጥበሻ ቦታዋን ለውጣ አገኘቻት። ታጥባለች፣ ዘይት ተቀብታለች፣ ውስጧ ደግሞ አንድ እፍኝ ተምር ተቀምጧል። የተዋሱት ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ዛኪር ደግሞ ወግ ያውቃል። ሐመልማል ተምሩን እየበላች፣ መቼም እንቁላል ጠብሶባት ይሆናል ብላ አሰበች። ዕቃህን ከነተምሩ የመለሰልህን ሰው "ምን ሠራህበት?" ማለት ነውር ነው።

በዚያው ሳምንት ሪሃና መጣች። ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ አዝላለች፤ ልጁ አንገቱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ዓይኑን ብቻ ያንከራትታል። ሐመልማል እንደልማዷ "ምን ልትሠሪበት ነው?" አለቻት።

"ለሙአዝ ነው፣ ለልጄ" አለች ሪሃና። "ጤና ጣቢያ ደሙ ዝቅ ብሏል አሉኝ። ሽሮፕ ሰጡኝ። ነርሷ ደግሞ 'ሽሮፑን እንዳታቋርጪ፣ ምግቡንም በብረት ዕቃ ብትሠሪለት ይረዳዋል' አለችኝ። እርስዎ ጋ ሂጂ ያሉኝ ብዙ ናቸው፣ እትዬ።"

ሐመልማል ልጁን አየችው። የራሷ ሦስት ልጆች ትልልቆች ናቸው፤ ይህን የመሰለ ከሲታ ልጅ ካየች ቆይታለች። ሆዷ ባባ። ለቤት የሚሆን መካከለኛ መጥበሻ መርጣ ሰጠቻት፤ በዋጋውም አላደረቀቻትም። ከዚያ ምርቃት ቀረ። መርካቶ ውስጥ ደህና ደንበኛ ያለ ምርቃት አይሄድም፤ በርበሬ ሻጩ እላዩ ላይ አንድ ጭብጥ ይጨምራል፣ ጨርቅ ሻጩ አንድ ስንዝር ያረዝማል። ሐመልማል ብዙ ጊዜ የድስት ማስቀመጫ ነበር የምትመርቀው። ያን ቀን ግን እጇ ወደ ትንሿ መጥበሻ ሄደ።

"ይቺ የልጁ ትሁን" አለቻት። "እንቁላሉን በዚች ብቻ ጥበሺለት። አሁን ስሚኝ፤ ሁለቴ አልናገርም። ውሃ ውስጥ አታዘፍዝፊያት። ሞቅ ባለ ውሃ አጥበሽ እሳት ላይ አድርቂያት፤ በጨርቅ ብቻ ጠርጌ ተውኩት እንዳትዪኝ። ከዚያ በጣም ትንሽ ዘይት። ቅቢያት አልኩሽ እንጂ አጠጪያት አላልኩሽም። ግላ እያለች ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋሽባት ትሰነጠቃለች። ቲማቲም ለጊዜው ይቅር። እጀታዋም ይግላልና ያለ ጨርቅ አትያዣት፣ ልጁ በሚደርስበትም አታስቀምጪያት። ዝጋ ብትመጪብኝ ውርድ ከራሴ። ገባሽ?"

"ገባኝ፣ እትዬ" አለች ሪሃና፤ ግማሹ አልገባትም። አመስግና፣ ባሏ ሀያቱ በርበሬ በረንዳ ሱቅ እንዳለው፣ እሷም እዚያው እንደምትውል ነግራት ሄደች።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ ዛኪር ከነሰላምታው መጣ። ስለ ልጆች ጠየቀ፣ ስለ ጤና ጠየቀ፣ ለአክስትየው ነፍስ ይማር አለ። በመጨረሻ "እትዬ ሐመልማል፣ ያቺን ትንሽ መጥበሻ ዛሬም ባስቸግርዎትስ?" አለ።

"ሸጥኳት፤ እንዲያውም መረቅኳት። ምን ልትጠብስ ነበር?"

"ኧረ መጥበስ አይደለም። እርሳስ ላቀልጥባት ነው። ያን ጊዜ እርስዎ ለቅሶ ሄደው የእኔ ማቅለጫ ተበስቶብኝ፣ እሷ እንዴት ያለች መሰለችዎ። እኩል ነው የምትግለው።"

ሐመልማል ክው አለች። እዚያ ተራ የእርሳስን ነገር የማያውቅ የለም። ባትሪ ሲያቀልጥ ኖሮ ሆዱን እየቆረጠው፣ እጁ እየዛለ የቀረ ጎረቤት ነበራቸው። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጡ ሰዎችም አንዴ ሰብስበዋቸው፣ ለትልቅ ሰው መጥፎ ነው፣ ለሕፃን ግን አእምሮውን ነው የሚጎዳው ብለው ነግረዋቸዋል።

"እርሳስ አቅልጠህ መለስክልኝ?"

"በአሸዋ ፈትጌ፣ በኦሞ አጥቤ ነው እኮ፣ እትዬ። ዘይትም ቀባኋት።"

"እርሳስ መታጠብ ያውቃል እንዴ፣ አንተ ሰው!"

ተምሩ ትዝ ሲላት ምላሷን ነከሰች። ግን ያ ለእሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ሃምሳ ዓመት ኖራለች። ሌላ ትንሽ መጥበሻ፣ ራሷ ከአቅላጮቹ የተረከበችውንና ራሷ ያሟሸችውን፣ ከመደርደሪያው አንስታ ነጠላዋን አጣፋችና ሱቁን ለዛኪር ትታ ወጣች።

መርካቶ ውስጥ መሮጥ አይቻልም፤ ሰው የሚሮጥ ሲመስለው የሚገፋ ነው። ሐመልማል ተሸካሚውን ገፋች፣ ጋሪውን ገፋች፣ እሷንም ገፏት። ልቧ ግን ከእግሯ ቀድሞ በርበሬ በረንዳ ደርሶ ነበር። ሁለት ሳምንት፤ በቀን አንድ እንቁላል እንኳ ቢሆን አሥራ አራት ነው። ያን ልጅ እያሰበች "በዚች ብቻ ጥበሺለት" ያለችው የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ደጋግሞ ይጮኽባታል።

እዚህ ላይ ደግ ሴት ናት ብዬ ዝም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን መንገዱ ከመጋመሱ ሌላ ሐሳብ መጣላት፤ ሰው ናትና። ሃያ ዓመት ሙሉ "የሐመልማል ዕቃ" ሲባል የኖረው ስም አለ። እርሳስ የቀለጠበት መጥበሻ ለሕፃን ሰጠች ከተባለ፣ ወሬው እሷ ወደ ሱቋ ሳትመለስ ምን አለሽ ተራ ይደርሳል። ታዲያ ለምን እርሳስ ይባላል? ተሰንጥቃለች ብትልስ? የተሰነጠቀ ዕቃ መቀየር ያስመሰግናል እንጂ አያሳፍርም። መጥበሻዋ እጇ ከገባች ልጁም ከዚህ በኋላ አይበላባትም። እስካሁን የበላውንስ? እሱን በርበሬ በረንዳ መግቢያ ላይ ስትደርስ ማስነጠስ ጀመረችና ሳታስበው ቀረች።

በዚያ ሰፈር ለሀገሬው ብቻ የተፈቀደ አየር ነው ያለው። ሐመልማል ዓይኗ እያለቀሰ፣ በየሁለት እርምጃው እያስነጠሰች፣ የሀያቱን ሱቅ ጠየቀች። በሦስተኛው ጥያቄ አገኘችው። ሀያቱ የለም፤ ሪሃና ግን በበርበሬ ማዳበሪያዎች መካከል ዱካ ላይ ተቀምጣ ኮረሪማ ትለቅማለች። ልጁ ከኋላዋ፣ ራቅ ካለው ጥግ፣ የተጣጠፈ ፍራሽ ላይ ተኝቷል።

"ውይ፣ እትዬ!" ብላ ተነሣች።

ሐመልማል ዓይኗን በጨው ታጠበች። "የኔ ልጅ፣ ያቺ ትንሿ መጥበሻ ስንጥቅ ነበረባት። ሳላይ ነው የሰጠሁሽ። ልቀይርልሽ መጣሁ።"

"ለዚህ ብለው ነው እንዲህ የደከሙት? ምንም አልሆነችም እኮ። በየቀኑ ነው የምጠብስለት" አለች ሪሃና፤ ዓይኗ ግን ኮረሪማው ላይ ነበር።

"በየቀኑ?"

"ጠዋትም፣ ማታም። ከእሷ ካልሆነ አልበላም እያለ አስቸግሮኛል። እጅዎ ይባረክ።"

ሐመልማል ማዳበሪያው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ጠዋትም ማታም። አሥራ አራቱ እንቁላል ሃያ ስምንት ሆነ። ስሙም፣ ሱቁም፣ ሃያው ዓመትም አንድ ላይ ከአእምሮዋ ወጡ።

"አልተሰነጠቀችም" አለች። "ዋሽቼሽ ነው። እርሳስ ቀልጦባታል፤ የባትሪ እርሳስ። ጎረቤቴ ተውሷት ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ ሰጠሁሽ። ለሕፃን መርዝ ነው፣ የኔ ልጅ። አንሺው ልጁን፤ ሐኪም ቤት እንሂድ። ደሙን ይዩት። እስኪነግሩን ድረስ ከአጠገብሽ አልሄድም።" እንባዋ ይወርድ ነበር፤ የበርበሬው ይሁን የራሷ አልለየችውም።

ሪሃና አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፤ ቀጥሎ ቀላ። ዞረችና ከመደርደሪያው ሥር፣ ከባዶ ጆንያዎች ኋላ እጇን ሰድዳ አንድ የተቋጠረ ፌስታል አወጣች። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ነበር። ስትፈታው ትንሿ መጥበሻ ወጣች። ከውስጥ እስከ እጀታዋ በዝገት ቀልታለች።

"አልበላባትም፣ እትዬ" አለች። "አንድም ቀን። የወሰድኳት ቀን ማታ፣ ደህና አድርጌ ልጠባት ብዬ ውሃ ውስጥ አሳደርኳት። ጠዋት እንዲህ ሆና ጠበቀችኝ። አማቴ እንዳያዩብኝ እዚህ አምጥቼ ደበቅኳት።"

"ጠዋትም ማታም አላልሽኝም?"

"ምን ልበል? በነፃ ሰጥተውኝ፣ በእግርዎ መጥተው፣ አበላሸኋት ልበል?"

"ወላሂ በዪ።"

"ወላሂ።"

"ድገሚው።"

"ወላሂ አልበላባትም።"

ሐመልማል ያን የዛገ ብረት በሁለት እጇ ተቀብላ አየችው። ከጋሼ አስናቀው ቀን ጀምሮ ዝገት አይታ ደስ ያላት የመጀመሪያዋ ነው። ሳቋ መጣ፤ መቆም አልቻለችም። ሪሃናም ፈራ ተባ እያለች መሳቅ ጀመረች። ጎረቤት ነጋዴዎች ምን ተገኘ ብለው አንገታቸውን አሰገጉ።

"ትልቋስ?" አለች ሐመልማል ዓይኗን እየጠረገች። "በትልቋ እየሠራሽለት ነው አይደል?"

የሪሃና ሳቅ ቆመ። "ትልቋንም አልነካኋት። እሷም እንዳትበላሽ ፈርቼ አልጋ ሥር ናት። በድሮው ነው የምሠራለት።"

በዚህ መካከል ሙአዝ ነቃ። ሐመልማል ሄዳ ታቅፋ አመጣችው። ያኔ እንዳየችው ነው፤ ሲያቅፉትም ክብደት የለውም። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ ቀስ አድርጋ ሳብ አደረገችው፤ ውስጡ ነጭ ነው። ሁለት ሳምንት በከንቱ ሄዷል፤ እርሳስ ሳይሆን ፍርሃት ነው የወሰደው።

"መጥተሽ ብትነግሪኝ ኖሮ በአሥር ደቂቃ አስተካክዬልሽ ነበር" አለች። "ዝገት እኮ ይለቃል። አሸዋና እሳት ነው የሚፈልገው።"

"ይቆጡኝ ነበር" አለች ሪሃና።

ሐመልማል "ምን ቆርጦኝ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ልጁን አየችና ዘጋችው። "አዎ" አለች። "እቆጣሽ ነበር።"

ያቺ ትንሽ መጥበሻ ዛሬ የዛኪር ናት። ሐመልማል በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እጀታዋን ቀይ ቀለም ቀብታ፣ ተራው እየሰማ ነገሩን ከነውሸቷ ተናግራ ነው የሰጠችው፤ "ቀይ እጀታ ያለው ዕቃ ምግብ አይነካም" የሚል ሕግ ተራው ውስጥ የወጣው ያኔ ነው። ሁለት ሦስት ደንበኛ ቀርቶባታል። ሞርሴቶ የሚሠሩት ግን ሁሉም ማቅለጫቸውን ቀይ ቀብተዋል።

ያን ረፋድ ግን ገና እዚያው በርበሬ በረንዳ ናት። ይዛ የመጣችውን አዲሱን መጥበሻ ለሪሃና ሰጠቻትና "በይ አሁን ጥበሺለት፣ እኔ እያለሁ" አለቻት። ሪሃና ከጎረቤት ሱቅ ከሰል የተያያዘበት ምድጃ ለመነች፤ ሁለት እንቁላልም አስመጣች። ሐመልማል ልጁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ተቀመጠች፤ ለሚጠይቃት ሰው ምክንያቱ በርበሬው ነው።

ሪሃና ብረቱ በወጉ ሳይግል ዘይቱን አንቆረቆረችው፤ አራት እንቁላል የሚጠብስ ዘይት። የሐመልማል እጅ ብድግ አለና ተመለሰ። እንቁላሉ ገባ፣ ያዘ። ሪሃና በማንኪያ ጫፍ ትፍቀው ጀመር፤ ያ የማንኪያ ድምፅ ሐመልማል ጥርስ ሥር ገብቶ ነዘራት። ሪሃና በመሃል ቀና ብላ ፊቷን አየች፤ ሐመልማል ራሷን ነቀነቀችላት።

የተፈቀፈቀ፣ ግማሹ ያረረ እንቁላል ወጣ። ሪሃና እፍ እፍ ብላ አቀዝቅዛ ቁራሽ ዘረጋችለት። ሙአዝ መጀመሪያ አየው፤ ቀጥሎ እናቱን አየ፤ ከዚያ አፉን ከፈተ። ሁለተኛውን ራሱ ነው የጠየቀው። ሐመልማል የልጁን ጀርባ እየደባበሰች፣ ከነጠላው ሥር ከንፈሯን ነክሳ፣ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ ስለ ዘይቱ አንድ ቃል ሳትናገር ቆየች።